ለቁም ሰው የተነፋ ጡሩምባ

የጋሽ መኳንንት ጡሩምባ ሲነፋ አስኮ ያለች ዶሮ ያልደረሰ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ቡራዩ ያለ በሬ ቀንበሩን እንደተሸከመ ይንበረከካል። ይህን የሚሉት ራሳቸው ጋሽ መኳንንት ስለሆኑ ግማሹን ቀንሶ መስማት ነው። የቀረው ግማሽ ግን እውነት ነው። ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ቁልቁል እስከ ወንዙ ባለው ሰፈር ያንን ጡሩምባ ሰምቶ አልጋው ላይ የቀረ ሰው አልነበረም። እድርተኛ ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ካፖርታቸውን ደርበው ይወጣሉ፤ አንዴ ረዘም አድርገው ይነፉና የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ይለፍፋሉ። ከዚያ በሩ ይከፈታል፣ ነጠላው ይዘቀዘቃል፣ ሱቁ ይዘጋል።

አሁን ጡሩምባው ምስማር ላይ ተሰቅሏል። እድሩ ቴሌግራም ገብቷል።

"ሞት እንኳ በስልክ ሆነ" ይላሉ ጋሽ መኳንንት። "ድሮ ሰው ሲሞት ሰፈር ይነቃል። ዛሬ ስልኩ ትር ይላል፤ ሰዉ የሚያለቅስ ፊት ይልክና ተገላብጦ ይተኛል።"

ለመጨረሻ ጊዜ የጠሩት ስም የእትዬ አስካለማርያም ነበር፤ የልጅነት ወዳጃቸው የጋሽ ዳኛቸው ሚስት። ያን ጠዋት ነፍተው ነፍተው የሟቿ ስም ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቆረጠ። ሰዉ "ማን? ማን አሉ?" እያለ እስከ መንገዱ ድረስ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቴሌግራሙ መጣ፣ ከፊት ያሉት ሁለት ጥርሶቻቸውም ሄዱ። ጥርሶቹን የወሰደባቸው ከአንድ ጅብ ጋር ያደረጉት ክርክር ነው ይላሉ። ሰፈሩ ግን በቆሎ ነው ይላል።

ጋሽ ዳኛቸው የእድሩ ድንኳን ተካይ ናቸው። አንዱ ሰው ይጠራል፣ ሌላው ለተጠራው ሰው ጥላ ያቆማል፤ እንዲህ ሆነው አርጅተዋል። ሥራ በሌለበት ቀን፣ ማለትም ሰው ባልሞተበት ቀን፣ ከአህመድ ሱቅ በር ላይ የለስላሳ ሣጥን ገልብጠው በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። የመኳንንት ቆርኪ በጀርባው የተኛ ነው፣ የዳኛቸው በሆዱ። ባለ ሱቁ አህመድ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ለሁለቱም ይመክራል፤ ሁለቱም አይሰሙትም።

አንድ ቀን ከሰዓት ጋሽ ዳኛቸው ሊበሉበት ያነሱት ቆርኪ ከጣታቸው አመለጠ። አነሱት። ደግሞ ወደቀ።

"ፈርተህ ነው" አሏቸው ጋሽ መኳንንት።

"ማንን? አንተን? እርጅና ነው ባክህ። ማጅራቴን ሲይዘኝ እጄም አብሮ ይሰንፋል።"

ጋሽ መኳንንት ሳቁ። ቤታቸው ገብተው ራት ሲቀርብላቸው ግን ሳቁ አብሯቸው አልገባም። እትዬ አስካለማርያም ታወሷቸው። ሊሞቱ ሰሞን ልብስ ሲያጥቡ ሳፋው ከእጃቸው እየወደቀ፣ "ቅባት ነክቶት ነው" እያሉ እየሳቁ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ልብስ ማስጫው ሥር ወድቀው ተገኙ። ሆስፒታል ሲደርሱ ነገሩ አልፎ ነበር።

በማግስቱ ሲስተር መሲን መንገድ ላይ ጠብቀው ያዟት። መሲ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ሐምራዊ ጃንጥላዋን ዘርግታ፣ የደም ግፊት መለኪያዋን በጀርባዋ አዝላ፣ ከቤት ቤት እየዞረች ነፍሰ ጡሩን፣ ሕፃኑን፣ ሳል ያለበትን ስታይ ትውላለች። በሩን የሚከፍቱላት ግን ሴቶቹ ናቸው። ወንዶቹ ወይ የሉም፣ ወይ እያሉ የሉም።

"ሲስተር፣ አንድ ሰው ቆርኪ ከእጁ ቢወድቅ በሽታ ነው?"

"ስንት ጊዜ ወደቀብዎት ጋሼ?"

"እኔ አይደለሁም። እኔማ ዝሆን ባነሳ አይወድቅብኝም። ዳኛቸው ነው።"

ማጅራቱን ነገሯት፣ እጁን ነገሯት። ፊቷ ተለወጠ።

"ደም ግፊት ሊሆን ይችላል፤ ሳይለካ አይታወቅም። እጅ ከሰነፈ ግን አይቆይም ጋሼ። አንድ ቀን ደሙ ጭንቅላት ውስጥ ይፈስና ሰውን በአንድ ጎኑ ይጥለዋል፤ ወይም ጨርሶ ይወስደዋል። እኔ እኮ እሳቸው ቤት ተመላልሻለሁ። ባንኳኳሁ ቁጥር ከውስጥ 'ቆጣሪው ውጭ ነው' ይሉኛል።"

"ከመብራት ኃይል የመጣሽ መስሎት ነው።"

"ነርስ ነኝ ብዬ ጮህኩ እኮ።"

"እና ምን አለ?"

"'ነርሷም ውጭ ትሁን' አሉ።"

ጋሽ መኳንንት በቀጥታ ዳኛቸው ዘንድ ሄዱ። ቀልድ ሳይጨምሩ፣ ጅብ ሳያስገቡ፣ ልጅቷ ያለችውን እንዳለችው ነገሯቸው። ጋሽ ዳኛቸው ዳር ዳሩን አዳምጠው ከት ብለው ሳቁ።

"አንተ አይደለህ እንዴ ዶሮ እንቁላሏን የምታስጥለው? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ያንተ ግን ይኸው እያደር ከበደ።"

"ዳኛቸው፣ በሞቴ። አሁን እውነቴን ነው።"

"ባለፈው ወንዙ ውስጥ አዞ አየሁ ስትል በማን ሞት ነበር የማልከው?"

ያኔም በሞታቸው ነበር የማሉት።

"ደግሞ ስማ" አሉ ጋሽ ዳኛቸው፣ ሳቃቸው ቀስ እያለ እየጠፋ። "አስካለ ሆስፒታል በመኪና ገብታ በሰው ትከሻ ወጣች። ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው ደጄን እንዳይረግጥ። ጨርሻለሁ።"

ሰው ዕድሜ ልኩን ሲዋሽ ኖሮ አንዲት እውነት ብትቸግረው የሚገዛት አያገኝም። ጋሽ መኳንንት ያን ሌሊት ስለ ድሬሰር ዘርዓብሩክ ሲያስቡ አደሩ። እሳቸውና ዳኛቸው ሕፃናት ሳሉ ኮልፌ ጤና ጣቢያ የሚባል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁስል አጥቦ፣ መርፌ ወግቶ የሚሄደውን ድሬሰሩን ነው። ዘርዓብሩክ በብስክሌት ይመጣል። በር ላይ ጫማውን ያራግፍና "ቤቶች" ይላል፤ መልስ ሳይጠብቅ ገብቶ ይቀመጣል። ከቆርቆሮ ሣጥኑ መርፌውን አውጥቶ የላምባ ምድጃ ላይ ሲቀቅል የአልኮሉ ሽታ ሰፈሩን ያጥለቀልቀዋል፤ ድሬሰሩን የሚሸሸው በሽታው ነው እስኪባል። ማን እንደሚስል፣ የማን ልጅ እንደከሳ፣ የማን ሚስት ወሯ እንደገባ ሁሉንም ያውቃል፤ ያላወቀውንም ይጠይቃል። ያኔ ሐኪሙ ነበር ሰውን ፈልጎ የሚመጣው።

የዚያው ሳምንት መሲ ከእድሩ ሰዎች ጋር መከረች። ቅዳሜ ጠዋት እድሩ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብላ የመጣውን ሁሉ በነፃ ልትለካ ተስማሙ። ቴሌግራሙ ላይ ተጻፈ። ሰፈሩ በሙሉ አውራ ጣቱን አንስቶ ላከ። ቅዳሜ የመጣው ሰው ግን ሁለት አግዳሚ አልሞላም፤ ጋሽ ዳኛቸው ከመካከላቸው አልነበሩም።

"ጣቱን የላከ ክንዱን ቢልክ ምን ነበረበት" አለች መሲ መለኪያዋን እየጠቀለለች። ከዚያ ዓይኗን ወደ ጋሽ መኳንንት አዞረች። "ጋሼ፣ ያ ጡሩምባ አሁንም አለ?"

"አለ። ግን ልጄ፣ እሱ ለሞት ነው። ለቁም ሰው ነፍቼ አላውቅም።"

"ሰው ሳይሞት ቢነፋ ምን ይላል?"

ጋሽ መኳንንት ጢማቸውን አሻሹ። ይህ ጥያቄ በዕድሜያቸው ተጠይቀው የማያውቁት ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ካፖርታቸውን ደረቡ። ጡሩምባውን ከምስማሩ አውርደው በእጅጌያቸው ጠረጉና ከላይኛው መንገድ ጀመሩ። አንዴ ረዘም አድርገው ነፉ። በተነቀሉት ጥርሶች በኩል ትንፋሹ እያመለጠ የወጣው ድምፅ የታፈነ በግ ይመስል ነበር። እንዲህም ሆኖ ቀጠሉ፦

"የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ዛሬ ጠዋት እድሩ ግቢ ሲስተር መሲ የደም ግፊት ትለካለች! የሞተ የለም! እንዳይሞት ነው!"

በዕድሜያቸው ጡሩምባ ነፍተው ከተናገሩት ሁሉ ከዚህ የጠራ እውነት የለም። አንዲት ቅንጣት አልጨመሩበትም። ችግሩ ኮልፌ ጡሩምባ ከሰማ በኋላ ቃል የሚሰማ ሰው አለመኖሩ ነው። የእድርተኛ ጆሮ ከልጅነቱ የለመደውን ያውቃል፤ ያ ረዥሙ ድምፅ ከመጣ እግሩ ከአልጋ ይወርዳል፣ እጁ ነጠላ ይፈልጋል፣ የቀረውን ልቅሶ ቤት ይደርሱበታል። ደግሞም ልቅሶ ቤት ደርሶ "ማን ነው የሞተው?" ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ጎረቤትህ ሞቶ እንዴት አታውቅም? ስለዚህ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ሲያለቅሱ ያለቅሳል፣ ስሙ እስኪመጣለት ይጠብቃል።

አህመድ ሱቁን ከፍቶ ሳይጨርስ መልሶ ዘጋ። በለቅሶ ግጥሟ ሰባት ሰፈር የምትጠራው እትዬ ወለተጻድቅ ጥቁር ቀሚሷን አጠለቀች። ወንዙ ዳር ቤታቸው የሆነው ጋሽ ዳኛቸው ደግሞ ከሩቅ ጡሩምባውን ብቻ ሰሙ። ቃሉ አልደረሳቸውም። ጆሯቸውን ቀስረው አዳመጡ፤ ፊታቸው ገረጣ።

ይህ የመኳንንት ትንፋሽ አይደለም። የመኳንንትን ትንፋሽ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። የታፈነ፣ የሚያፏጭ፣ የሌላ ሰው ትንፋሽ ነው። መኳንንት ደግሞ ጡሩምባውን በቁሙ ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ "ከሬሳዬ ላይ ውሰዱት" ሲል ስንቴ ሰምተዋል።

"ሞተ" አሉ ጋሽ ዳኛቸው፣ ብቻቸውን። ሌላ ሰው አልጠየቁም፤ ላገኙት ሁሉ "መኳንንት ሞተ" እያሉ ድንኳኑን ሊያወጡ ሄዱ።

ጋሽ መኳንንት ሰፈሩን ዞረው፣ ወንዙን ተከትለው፣ በአጠና ተራ በኩል ተመልሰው እድሩ ግቢ ሲደርሱ ያዩትን ማመን አቃታቸው። ድንኳኑ ተተክሏል። ሰው አግዳሚውን ሞልቶ ሣሩ ላይ ተርፏል። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ። መሲ ድንኳኑ ጥግ ጠረጴዛዋን ዘርግታ፣ መለኪያዋን በእጇ ይዛ፣ ሰዉ ለምን እንደሚያለቅስ ግራ ገብቷት ቆማለች። መካከል ላይ እትዬ ወለተጻድቅ ደረቷን እየደቃች ታወርዳለች፦

"ሁሉን ሰው ሲጠራ በየደጁ ዞሮ፣
ማን ይጠራለታል ጠሪው ሞቶ አድሮ።"

ጋሽ መኳንንት ልባቸው ተነካ። የማን ልቅሶ እንደሆነ ባያውቁም ግጥሙ አስለቀሳቸው። ጡሩምባቸውን በካፖርታቸው ሸፍነው ዳር ላይ፣ አህመድ አጠገብ ተቀመጡና ነውሩን ውጠው በሹክሹክታ ጠየቁ፦

"ማን ነው የሞተው?"

አህመድ አንገቱን እንደደፋ፣ "ጋሽ መኳንንት ናቸው አሉ" አለ። ከዚያ ቀና አለ።

የአህመድን ጩኸት የሰማ እንደሚለው ከሆነ የቤቴል ውሾች መለሱለት። እትዬ ወለተጻድቅ ግጥሟን ከግማሽ ላይ ዋጠች። ሰዉ ከሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ አማተበ፣ ግማሹ ሸሸ። ከአግዳሚው ጫፍ ጋሽ ዳኛቸው ቀስ ብለው ተነሡ። ዓይናቸው ቀልቷል። ሁለት ወፍራም የድንኳን እንጨት ብቻቸውን ተሸክመው ስለመጡ ትከሻቸው ላይ አቧራው አልረገፈም።

"ሞተህ ነው የመጣኸው?" አሉ።

"አልሞትኩም።"

"እስቲ ማል።"

"በሞቴ።"

ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሰው ሳቁን መያዝ አልቻለም። ጋሽ ዳኛቸው ግን አልሳቁም። ከዘራቸውን ሊሰነዝሩ አነሱ። ከዘራው ከእጃቸው ወጥቶ ወደቀ። ጎንበስ ብለው አነሱት፤ እንደ ቆርኪው መልሶ ወደቀ። ሁለተኛው ላይ ሳቁ ሁሉ ቆመ።

ጋሽ ዳኛቸው እጃቸውን አዩት። ገልብጠው አዩት። ለማንም ሳይሆን ለእጃቸው የሚናገሩ ይመስል፣ "አስካለም ሳፋው ነበር የሚወድቅባት" አሉ።

መሲ ወንበር ይዛ መጣች። "ጋሼ፣ ይቀመጡ" አለች። ነጭ አልለበሰችም፤ ሹራብና ስካርፍ ናት። ጋሽ ዳኛቸው ተቀመጡ። ክንዳቸውን ጠቀለለችው፤ ማሽኑ ነፋ፣ ተነፈሰ፣ ቁጥር አሳየ። ላይኛው ከመቶ ሰማንያ አልፏል።

"በጣም ከፍተኛ ነው" አለች ዝግ ብላ።

"እሱ ነዋ ያናደደኝ" አሉ ከዘራቸውን ወደ ወዳጃቸው እየቀሰሩ። "ቀብሬው ተነሣብኝ። የማን ደም ነው የማይጨምር?"

"ልክ ነው፣ ንዴትም ይጨምራል። ስለዚህ ትንሽ ይረፉና ደግሜ እለካለሁ። ያኔም ይህን ካሳየ የንዴት አይደለም፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። ይስማማሉ?"

ጋሽ ዳኛቸው ነገሩ እንደ ዳማ ነው፣ በሁለተኛው ዙር ይረታል ብለው ገመቱ፤ "ይሁን" አሉ።

ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ለልቅሶ የመጣው ሰው የሚያለቅስለት ስለሌለው ሁሉም የማሽኑን ውሳኔ ይጠብቅ ጀመር።

"የዘርዓብሩክን ብስክሌት ታስታውሳለህ?" አሉ ጋሽ መኳንንት።

"የትኛዋን? በሰማይ ትበር ነበር ያልካትን?"

"በረረች ያልኩት ለሌላ ሰው ነው። አንተማ ጎማውን አብረኸኝ ነው ያስተነፈስከው። መርፌ ፈርተን።"

የጋሽ ዳኛቸው ከንፈር ትንሽ ተንቀሳቀሰ። "እየገፋት መጣ።"

"በዚያ ጭቃ። እየገፋት። ባሕር ዛፉ ላይ ሆነን ስናየው፣ ጫማው ጭቃ ይዞ እንጀራ ምጣድ አክሎ ነበር። በር ላይ አራገፈና 'ቤቶች' አለ።"

"ከዛፉም አወረደን።"

"ደስታ ከረሜላ አሳይቶ። አንተን አስቀድሜ አወረድኩህ። 'ምንም አያምም፣ እኔ ትናንት ተወግቻለሁ' ብዬ።"

"አልተወጋህም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው አንተን ማመን የተውኩት።" ጋሽ ዳኛቸው ወደ መሲ ዞሩ። "ሸሽተነው እንኳ ይመጣ ነበር እኮ፣ ልጄ። አንቺም ደጄ ተመላልሰሻል፣ አይደል?"

"ቆጣሪው ውጭ ነው አሉኝ።"

"አልኩ" አሉ ጋሽ ዳኛቸው፣ አቀርቅረው። "አልኩ።"

"አሁን አይነጋገሩ" አለች መሲ። "ሲነጋገሩ ቁጥሩ ይዛባል።"

ሁለት የኮልፌ ሽማግሌዎች አፋቸውን ዘግተው አብረው ሲቀመጡ ሰፈሩ አይቶ አያውቅም። ማሽኑ ነፋ፣ ተነፈሰ። ቁጥሩ ከቅድሙ ብዙም አልወረደም። መሲ ማሽኑን አዞረችላቸው።

ጋሽ ዳኛቸው ቁጥሩን አዩት። "እሄዳለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ግን ዛሬ መኳንንት ይቀድማል። ክንዱን ያውጣ። እዚሁ፣ ሰው እያየ።"

ጋሽ መኳንንት ካፖርታቸውን ሲያወልቁ ጡሩምባው ከብብታቸው ወድቆ አግዳሚውን መታና እንደ ደወል ጮኸ። ክንዳቸውን ዘረጉ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ የስድስት ዓመት ልጅ ሆነው ባሕር ዛፉ ላይ የተቀመጡ መሰላቸው። ቁጥራቸው ደህና ሆኖ ተገኘ። "ውሸት ለደም ግፊት ሳይበጅ አይቀርም" አለ አህመድ፣ የራሱን እጅጌ እየሰበሰበ። ከእሱ ኋላ እትዬ ወለተጻድቅ ቆመች፤ ከእሷ ኋላ ሰዉ ተሰለፈ። ለለቅሶ የመጣ ሰው ያለ ሥራ አይመለስም። ያን ቀን መሲ ዓመቱን ሙሉ ደጁን ያንኳኳችበትን ወንድ ሁሉ በነጠላ ተጠቅልሎ አገኘችው፤ ከመካከላቸውም ዳኛቸውን የመሰለ ቁጥር የወጣባቸው ነበሩ።

ሁለቱ ወዳጆች መሲን መካከል አስቀምጠው በባጃጅ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ጋሽ ዳኛቸው በር ላይ ሲደርሱ ቆመው ጫማቸውን አራገፉ። ጭቃ አልነበረበትም።

ከዚያ ወዲህ ኮልፌ ሁለት ዓይነት ጡሩምባ ያውቃል። ረዥሙ የታወቀው ነው፤ እሱን እድሩ መልሶ አመጣው። አጭሩ የዳኛቸው ክኒን ነው። ጋሽ ዳኛቸው መድኃኒታቸውን በየጠዋቱ መዋጥ አለባቸው፤ መርሳት ደግሞ ይወዳሉ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ጋሽ መኳንንት ወንዙ ዳር ወርደው ከበሩ ትይዩ ቆመው አንዴ እጥር አድርገው ይነፋሉ። ከውስጥ ጋሽ ዳኛቸው ክኒናቸውን ውጠው የድስት ክዳን በማንኪያ ይመታሉ። ዋጥኩ ማለት ነው፤ አለሁም ማለት ነው። ጎረቤት መጀመሪያ ሰሞን አጉረመረመ፤ አሁን በዚያው ሰዓት የራሱን ክኒን የሚውጥ በዝቷል። አጭሩ ጡሩምባ ቡራዩ ድረስ ስኳር በሽተኛ ከእንቅልፉ ይቀሰቅሳል ይባላል። ማን እንደሚለው የታወቀ ነው።

አንድ ጭጋጋማ ጠዋት ጋሽ መኳንንት ነፉ፤ ክዳኑ አልመለሰም። ደግመው ነፉ። ዝም። የቆርቆሮው በር እንደተዘጋ ነው። ከጣራው ላይ ጤዛ ይንጠባጠባል። ጡሩምባው እጃቸው ውስጥ ከበደ። ያን ረዥሙን ድምፅ፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ስም አሰቡ። አንድ እርምጃ ወደ በሩ ተራመዱ፣ ቆሙ፣ ደግሞ ተራመዱ።

ያኔ ክዳኑ ተመታ። አንዴ ብቻ፣ ዘግየት ተደርጎ። ከበሩ ሥር ደግሞ የታፈነ ሳቅ ተሰማ።

"ይህ የዛፉ ብድር ነው" አሉ ጋሽ ዳኛቸው ከውስጥ።